አሻፈረኝና ሰነፉ እርሾ

ስሟ አሻፈረኝ አይደለም። እናቷ ያወጣችላት ደህና ስም አላት፤ ግን በዚያ ስም የሚጠራት የደመወዝ ክፍሉ ነው፣ ስትናደድባት ደግሞ ታላቅ እህቷ። የቤት ዕቃ ፋብሪካው ሠራተኛ በሙሉ፣ ከመጋዝ ቤቱ እስከ ቀለም ክፍሉ፣ የሚያውቃት አሻፈረኝ እያለ ነው። ስሙን ያገኘችው ገና ወጣት ምግብ አብሳይ ሳለች ነበር። የካንቲኑ ኃላፊ አንድ ቀን ድስቱ አጠገብ መጥቶ፣ ሾርባው ለሁሉም እንዲዳረስ ውሃ እንድትጨምርበት አዘዛት። እሷም ጭልፋዋን እንደያዘች "አሻፈረኝ!" አለችው። "ውሃ ያማረው ሰው ቧንቧው ግቢ ውስጥ አለለት!" መስኮቱ ጋ ተሰልፎ የነበረው ሁሉ ሰማ። ከዚያ ወዲያ ስሟ እሱ ሆኖ ቀረ፤ እሷም አልከፋትም፣ እንዲያውም ትኮራበታለች።

እንግዲህ ይህችን ሴት ነው አንድ ክፉ ጉንፋን አልጋ ላይ የጣላት። ጉንፋኑ ሲሄድ ግን ባዶ እጁን አልሄደም፤ አፍንጫዋንና ምላሷን ይዞባት ሄደ። ሽንኩርት ስትጠብስ የሚደርሳት ጩኸቱ ብቻ ሆነ። ሎሚ ብትነክስ ጥርሷን ይቀዘቅዛታል እንጂ ሌላ ነገር የለውም። ሐኪሙ መርምሮ መርምሮ "ሊመለስም ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል" አላት። "ይህንንማ የጎረቤት ሰውም ይነግረኝ ነበር" ብላ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ለማንም ሳትናገር ወደ ድስቷ ተመለሰች። እጇ ልኩን ያውቃል፣ ዓይኗም ያያል፤ የቀረውን በልምድ እወጣዋለሁ አለች። ጥቂት ጊዜም ወጣችው። አንድ ቀን ግን ሾርባው ላይ ጨው ጨምራ ሳታበቃ የዱቄት መኪና መጣና ጠሯት። ተመልሳ መጣች፣ መጨመሯን ረሳችው፣ ደገመችው። ድሮ ቢሆን ገና አንድ ጠብታ ስትቀምስ ምላሷ ይነግራት ነበር። ያን ቀን አልነገራትም። ሠራተኛው ተራ በተራ ሳህኑን እየተቀበለ "እጅሽ ይባረክ" እያላት አለፈ። ከሁሉ ፊት የነበረው ሽማግሌው ቫርኒሽ ቀቢ እንዲያውም ሁለቴ መረቃት። ከምሳ በኋላ የዕቃ ማጠቢያውን መስኮት ከፍታ ስታይ፣ ሳህኑ ሁሉ እንደ ሄደ ሞልቶ ተመልሷል።

የአፍንጫዋን ነገር ለካ አብራት የምታበስለው ረዳቷ ነቅታበት፣ ወሬው ከእሷ አፍ ወጥቶ ፋብሪካውን አዳርሷል። ሰዎቹ ያውቁ ነበር። አውቀው፣ ከንፈራቸውን መጠው፣ መርቀዋት አለፉ። አንድ ሰው እንኳ፣ አንድ ደፋር እንኳ "ኧረ ይሄ ጨው ነው!" ብሎ አልጮኸባትም። ኃላፊው በማግስቱ ነጩን ሽርጥ ተቀብሎ የላስቲኩን ሽርጥ ሲሰጣትና ወደ ዕቃ ማጠቢያው ሲያዞራት፣ በእሱ አልተናደደችም ማለት ይቻላል።

"ለጤናሽ ነው" አላት ዓይኗን ሳያይ። "የማትቀምሺውን እንዴት አድርገሽ ታበስያለሽ? አንቺው ፍረጂ።"

የተናደደችው በሳህኖቹ ነው። ወራት ሙሉ የሰው ፍርፋሪ ስታጥብ የሚያንገበግባት ያ "እጅሽ ይባረክ" ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያመሰግናት ደሟ ይፈላል።

በልደቷ ቀን ልጇ አንድ ትልቅ ካርቶን ተሸክማ ገባች። ልጅቷ ስልክ ጠጋኝ ናት፤ ዝምተኛ ናት፣ የምታስበውን በእጇ ነው የምትናገረው። ካርቶኑ ሲከፈት ክዳን ያለው ነጭ ባልዲ፣ ሆዱ ላይ የሚለጠፍ ቴርሞሜትር፣ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ፣ የቆርኪ መግጠሚያ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ከባድ ቆርቆሮ ወጣ። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው እንደ ቅጥራን የወፈረ የብቅል ጭማቂ ነው። ቤት ውስጥ ጥቁር ቢራ መጥመቂያ መሆኑ ነው። በቆርቆሮው ክዳን ሥር ደግሞ ትንሽ የእርሾ ፓኬት ተሸጉጣለች።

ታላቅ እህቷ እዚያው ሶፋው ላይ ተደላድላለች። ታላቅ እህቷ ሽቶ ሻጭ ናት፤ ከበር እስክትገባ ሽታዋ ቀድሟት ይቀመጣል ይባላል፣ አሻፈረኝ ግን አሁን የምታውቀው ከኮቴዋ ነው። ካርቶኑን ስታይ እጇን አጨበጨበች።

"ጉድ ነው! ለማትቀምስ ሴት ቢራ? ለራሰ በራ ማበጠሪያ ብትገዢለትስ? አንቺ ልጅ፣ በእናትሽ ትቀልጃለሽ?"

"ለምላሷ አይደለም ያመጣሁት" አለች ልጅቷ ፊቷ ቀልቶ። "ለእጇ ነው። እጇ ሥራ ፈትቷል።"

አሻፈረኝ ቆርቆሮውን አንሥታ መዘነችው። ከጉንፋኑ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚሰጣት ነገር ትራስ፣ ሻርፕ፣ የእግር ሹራብ ነበር፤ የታመመ ሰው ዕቃ። ይሄ ግን ሥራ ነው። ቆርቆሮውን ጠረጴዛው መሃል አስቀመጠችው።

"እጠምቀዋለሁ" አለች። "ጠምቄም የፋብሪካውን ሰው እዚህ ግቢዬ ጠርቼ አጠጣዋለሁ። ኃላፊውንም ጭምር።"

"በራስሽ ላይ ሳቅ ልትጠሪ?"

"ይሳቁብኝ እትዬ! መሳቅ ከቻሉ ይሳቁብኝ። ከንፈር ከሚመጡልኝ ይሻላል።"

"እሺ፣ ካልሽ" አለች እህቷ የተሸነፈች መስላ። "ቢያንስ አመል የሌለውን፣ ገለልተኛውን እርሾ ተጠቀሚ። ብዙ ደንበኞቼ ቤታቸው ይጠምቃሉ፤ ማንንም የማያሳፍር እርሾ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። አደራ፣ ድፍረት አታብዢ።"

አሻፈረኝ ያቺን የክዳን ሥር ፓኬት አገላበጠቻት። "እርሾ" ብቻ ይላል፤ ስም የለው፣ ዓይነት የለው። ዕድሜዋን ሙሉ ዱቄትና ዘይት ከነጋዴ ስትቀበል፣ በምርቃት የሚመጣ ነገር ምን ዓይነት እንደሆነ ጠንቅቃ አውቃለች። ፓኬቷን ቦርሳዋ ውስጥ ወርውራ ልጅቷ ዕቃውን ወደ ገዛችበት ሱቅ ሄደች።

ሱቁ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ባልዲና ቱቦ ተሰቅሎበታል፣ ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ማቀዝቀዣ ታጉረመርማለች። ሻጩ ጢሙን ያሳደገ፣ ቃላቱን መርጦ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው።

"ምን ልታዘዝ እናቴ?"

"እርሾ። ለጥቁር ቢራ። አብሮት የመጣው ይሄ ነው፤ ምን ትለዋለህ?"

ሻጩ ፓኬቷን ገልብጦ አያት። "ይሠራ ይሆናል። ግን ከቆርቆሮው ጋር በስንቱ ሙቅ መጋዘን እንዳለፈ አላውቅም። ስምም የለው።"

"ስም የሌለው ሠራተኛ ደግሞ ኩሽናዬ አይገባም። ሌላ አሳየኝ።"

ማቀዝቀዣዋን ከፍቶ ሁለት ፓኬት ጠረጴዛው ላይ አጋደመ። አንዱን በጣቱ ወደ እሷ ገፋ። "ለጀማሪ የምሰጠው ይሄንን ነው። ንጹሕ ነው። ቢበርደውም ቢሞቀውም ግድ የለው፣ ሥራውን ጨርሶ ይወጣል። አያሳፍርዎትም።"

እህቷ ያለችው እሱን መሆኑ ነው። "ጣዕሙስ?"

"የራሱ ጣዕም የለውም። ቢራውን እንዳለ ይተወዋል።"

"ጣዕም የሌለውማ እኔው አለሁ" አለች አሻፈረኝ። "ያኛውስ?"

ሻጩ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ሁለተኛውን ፓኬት አነሣ። "ይሄ አመለኛ ነው። ለጥቁር ቢራ እንደሱ የለም፤ ከራሱ የሚጨምርበት ነገር አለ፣ የደረቀ ፍራፍሬ ዓይነት ሽታ፣ ፕሪም ዘቢብ የመሰለ። ግን ሰነፍ ነው። ትንሽ ብርድ ከነካው ሥራውን በግማሽ ትቶ ባልዲው ሥር ይተኛል። ሲተኛ ቢራው እንደ ጣፈጠ ይቀራል። በጣም ከሞቀው ደግሞ ያብድና ሽታውን ያበላሸዋል። ይሄን እርሾ በአፍንጫ መከታተል ያስፈልጋል።"

"አፍንጫ የለኝም።"

ሻጩ ፊቷን ትክ ብሎ አየ፤ አፍንጫዋ ቦታው ላይ ነው።

"አለኝ፣ ግን የመነጽር ማስቀመጫ ነው። ከታመምኩ ወዲህ አይሸትም፣ ምላሴም አይቀምስ።" ከዚያ ከንፈሩ ሊሰበሰብ ሲል አየችው። "እንዳትመጥብኝ! ከንፈርህን እንዳትመጥ! ያለ አፍንጫ በምን ይታወቃል፣ እሱን ንገረኝ።"

ሰውዬው ደንግጦ ከንፈሩን ዘረጋ። አሰበ። ከምሩ አሰበ፣ ለዚህም ወደደችው። "በጆሮ" አላት በመጨረሻ። "ክዳኑ ላይ ውሃ የምትይዝ ትንሽ ማስተንፈሻ አለች። እርሾው ሲሠራ አየሩ በውሃው ውስጥ እያለፈ ብልቅ ይላል። ሲተኛ ዝም ይላል። በእጅም ይታወቃል፤ ባልዲውን ዳብሰው ሙቀቱን ማየት ነው። ከተኛ ሙቅ ቦታ ወስደው፣ ክዳኑን ሳይከፍቱ ቀስ አድርገው ማወዛወዝ፣ ከሥሩ መቀስቀስ።"

"ጆሮ አለኝ። እጅም አለኝ። አመለኛውን ስጠኝ።"

"እርግጠኛ ነዎት? ንጹሑ ግን..."

"የኔ ልጅ፣ የማያሳፍረውን ለሚያፍር ሰው ሽጥለት።"

ወደ ቤቷ ስትመለስ አንድ ነገር ወሰነች። ሻጩ ስለ ደረቀው ፍራፍሬ የነገራትን ለማንም አትናገርም፣ ለልጇም ጭምር። ከተናገረች ሰዉ ሁሉ አንድ ጊዜ ተጎንጭቶ "ፍራፍሬ ፍራፍሬ ይላል" ሊላት እንደሚችል ታውቃለች። ሰውን ታውቀዋለች፤ ሳህኑን አጥባለታለቻ።

ጠመቃው በእረፍት ቀኗ ሆነ። ቆርቆሮውን እስኪለሰልስ ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆመችው፣ ባልዲውን በፈላ ውሃ ለቀለቀች፣ ጥቁሩን ጭማቂ ገልብጣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አንጠፈጠፈች። ልጅቷ ማሰሮ ሙሉ ፍል ውሃ ታቀብላለች፣ እናት ታማስላለች። እንፋሎቱ ፊቷን አጠባት። እንፋሎት ፊት ላይ ሲመታና ምንም ሳይሸት ሲቀር፣ በሩ እንደተዘጋበት ቤት ነው። ትንሽ ቆመች፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ከዚያ ማማሰያውን አጥብቃ ያዘች። ቀዝቃዛውን ውሃ ጨመረች፣ ቴርሞሜትሩ ልክ ሲመጣ እርሾውን እንደ ጨው ከላይ በተነችው፣ ክዳኑን ገጠመች። ባልዲውንም ከደረጃው ሥር ባለችው ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል አኖረችው።

በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ሰማችው። ብልቅ። ዝም። ብልቅ። አጎንብሳ ጆሮዋን ዕቃ ማስቀመጫው በር ላይ ለጠፈች። ከታመመች ወዲህ ድስት እንዲህ ሲያናግራት የመጀመሪያዋ ነው። ልጅቷ መጥታ እናቷን መሬት ላይ ተቀምጣ ስትስቅ አገኘቻት፣ አጠገቧ ተቀመጠችና አብረው አዳመጡ።

ደስታዋ ግን አልከረመም። አየሩ ድንገት ተለወጠ፣ ነፋስ በደረጃው ሥር እየገባ ያፏጭ ጀመር። አንድ ጠዋት ጆሮዋን ብታስጠጋ ዝም። ማታም ዝም። ባልዲውን ብትዳብሰው እንደ ግድግዳው ቀዝቅዟል። ለክፋቱ ያንኑ ቀን እህቷ መጣች፤ አሻፈረኝ እጇን ከመያዟ በፊት ክዳኑን ብድግ አድርጋ አፍንጫዋን አስገባች።

"ጣፋጭ ጣፋጭ ይላል። ውሃ ውስጥ የተፈታ ከረሜላ በይው። ሞቷል፣ ድፊው።"

"አልሞተም፣ ተኝቷል።"

"እህቴ ስሚኝ" አለች ታላቋ፣ ድምጿም ለሰለሰ፤ አሻፈረኝ ደግሞ ከጩኸቷ ይልቅ ይሄንን ድምጿን ነው የምትጠላው። "ዕድሜ ልክሽን ቆመሽ አብልተሻል። ይብቃሽ። አንዳንድ ነገር ሲሄድ ሄደ ማለት ነው። ድፊውና እንቅልፍሽን ተኚ።"

"አሻፈረኝ!"

እህቷ ከሄደች በኋላ ልጅቷን ጠርታ ባልዲውን ተጋግዘው ወደ መኝታ ክፍሏ ወሰዱት፤ ከአልጋዋ ራስጌ አጠገብ፣ የኩሽናው ሙቀት በግድግዳው በኩል የሚደርስበት ቦታ። የገዛ ብርድ ልብሷን ገፍፋ አለበሰችው። ከዚያ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት፣ ማታም ስትመለስ፣ ባልዲውን በሁለት እጇ አቅፋ ቀስ አድርጋ ታወዛውዘዋለች። "ተነሥ" ትለዋለች። "ተነሥ አንተ ሰነፍ! እኔም ተኝቼ ተነሥቻለሁ። ሥራ በግማሽ አይተውም።" ልጅቷ ከበሩ ጀርባ ሰምታ፣ ሳትስቅም ሳታለቅስም የራሷን ብርድ ልብስ አምጥታ ለእናቷ አለበሰቻት።

አንድ ንጋት ላይ፣ ገና ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ራስጌዋ አጠገብ "ብልቅ" አለ። እንዳልሰማች ሆና ጠበቀች። ደገመው። አሻፈረኝ ብድግ ብላ አልጋዋ ላይ ተቀመጠችና ባዶ ክፍል ውስጥ "እሰይ! ድፊው ያለችው የታለች?" አለች። ያን ቀን ዕቃ ማጠቢያው ላይ እያንጎራጎረች ዋለች፣ ኃላፊውም ነገሩ ገርሞት ሁለቴ መጥቶ አያት።

ጊዜው ሲደርስ ጠርሙስ ውስጥ ቀዱት፤ እናት በቱቦው ትሞላለች፣ ልጅ በዚያ ጥንቁቅ እጇ ቆርኪውን ትገጥማለች። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ጠበቀችም፤ በመጨረሻም የፋብሪካውን ሰው በእረፍት ቀን ጠራች።

መጡ። መጋዝ ቤቶቹ መጡ፣ ሽማግሌው ቫርኒሽ ቀቢ ጥፍሩ ሥር ቡናማ ቀለሙን እንደያዘ መጣ፣ የቀድሞ ረዳቷ መጣች፣ ኃላፊውም በደህና ኮቱ መጣ። ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ተደረደረ። ቢራው ሲቀዳ ጥቁር ነው፣ አረፋው ደግሞ ቡናማ፤ ዓይንማ ያላት ሴት ናትና ማማሩን አየች። ሁሉም ብርጭቆውን አነሣ። አሻፈረኝ ክንዷን አጣጥፋ በሩ ላይ ቆመች፤ ልቧ እንደ ማስተንፈሻዋ ብልቅ ብልቅ ይላል።

"ቆንጆ ነው!" አለ አንዱ።

"እጅሽ ይባረክ!" አለ ቫርኒሽ ቀቢው።

"ይባረክ፣ ይባረክ" ተቀባበሉት። ኃላፊው ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ "ጎበዝ ነሽ፣ እጅሽ አሁንም እጅ ነው" አላት።

"እንግዲያው ሰኞ ድስቴን ትመልስልኛለህ?"

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። "እሱ እንኳ... ሌላ ጉዳይ ነው። አሁን ተደሰች።"

እህቷን አየቻት። እህቷ ጥግ ላይ ተቀምጣ ብርጭቆዋን አፍንጫዋ ሥር ይዛለች። "እትዬ፣ አንቺስ?" አለቻት። እህቷ ቀና ሳትል "ይጠጣል" አለች። በቃ። ይጠጣል።

እንግዶቹ በሳቅ በጨዋታ ተሰናብተው ሲሄዱ አሻፈረኝ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች። ሁሉም ባዶ ናቸው። ባዶ መሆናቸው ግን ምን ይነግራታል? ግድግዳው ሥር ያለውን የአበባ ማሰሮ አፈር በጣቷ ነካችው፤ እርጥብ ነው። ልጅቷ ጠዋት አጠጥታው ይሁን እንግዶቹ ደፍተውበት እንዴት ትወቅ? ያ ሁሉ ምርቃት፣ ያ ሁሉ "ቆንጆ"፣ ከጨው ሾርባው ምርቃት በምን ተለየ? ኩሽናዋ ገብታ እጇን ማጠቢያው ላይ አስደግፋ ቆመች። ቅስሟ ተሰበረ። ምናልባት እህቷ ልክ ነበረች፤ ሲሄድ ሄደ ማለት ነው። ይህን ስታስብ ራሷን ጠላችው።

ያኔ ነው ከመተላለፊያው ድምፅ የሰማችው። ቅጭልጭል። የጠርሙስ ድምፅ ነው፣ ጆሮዋ ደግሞ ከታመመች ወዲህ ተስሏል። ብቅ ብላ ስታይ እህቷ በጫማዋ ጫፍ እየረገጠች ወደ በሩ ትገሰግሳለች። ያቺ ትልቅ የእጅ ቦርሳዋ ከወትሮው አብጣለች፣ በተራመደችም ቁጥር ትጮሃለች።

"እትዬ!"

እህቷ ደንግጣ ቆመች። "ልሄድ ብዬ ነው። ቀስ ብዬ ልውጣ፣ ደክሞሽ ይሆናል ብዬ።"

"ቦርሳሽ ምን ሆኖ ነው የሚያቃጭለው?"

"ሽቶ ነው። የደንበኛ ሽቶ።"

አሻፈረኝ የእህቷን ቦርሳ ከፈተችው። ሻርፕ ውስጥ የተጠቀለሉ፣ አንገታቸውን ያሰገጉ ጥቁር ጠርሙሶች። የሰረቀችው ከጓዳው ጀርባ የተቀመጡትን፣ ያልተቀዱትን ነው። የተከበረች፣ ሱቅ ያላት፣ ዕድሜዋን ሙሉ ታናሿን ስትመክር የኖረች ሴት፣ እንደ ሌባ ድመት መተላለፊያው ላይ ቆማለች።

"ይጠጣል አላልሽም?"

"ብጠይቅሽ ትሰጪኝ ነበር?" አለች እህቷ በቁጣ፤ ስታፍር መቆጣት ልማዷ ነው። "ምን ልበልሽ? ድፊው ብዬሽ ነበር! እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተሳስቼ ነበር እንድል ፈለግሽ? ደግሞስ ደብቀሽኛል! ምን እንደጨመርሽበት አልነገርሽኝም!"

"ምን ጨመርኩበት?"

"ፕሪም ነዋ! ፕሪም፣ ወይ ዘቢብ... ወይ ሁለቱም።" ሽቶ ሻጯ ዓይኗን ጨፈነች፤ አፍንጫዋ ራሱ ከደጁ አየር ቢራውን የሚፈልግ ይመስል ነበር። "መጀመሪያ ሲመጣ ጥርት ያለ የተቆላ ነገር፣ ያረረ ዳቦ ጠርዝ። ከዚያ ከሥሩ ያ ፍራፍሬ ይነሣል። ቀስ ብሎ ነው የሚነሣው። እናታችን ቁም ሳጥን ውስጥ ደብቃብን የነበረው የደረቀ ፍራፍሬ ቆርቆሮ ትዝ አይልሽም? ክዳኑን ሰርቀን ስንከፍት ይወጣ የነበረው ያ ሽታ። በመጨረሻ ምሬት አለው፣ ግን ጨዋ ምሬት ነው፣ ሳይጫንሽ ይሄዳል። ስንት ነው የጨመርሽበት?"

አሻፈረኝ ግድግዳውን ተደገፈች። ቆርቆሮው ትዝ አላት። ክዳኑ ትዝ አላት፣ ሁለት ልጆች ቁም ሳጥን ውስጥ ተደብቀው ትንፋሻቸውን ሲውጡ። ሽታው ራሱ፣ ያ ጨለማ ጣፋጭ ሽታ፣ ከእህቷ አፍ ተነሥቶ ጭንቅላቷ ውስጥ ገባ። አልሸተታትም፤ ግን የት እንዳለ አወቀችው። እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ።

"አንዲት ፍሬ አልጨመርኩም" አለች። "እርሾው ነው። አመለኛው እርሾ። ያ ሞቷል ያልሽው።"

እህቷ ቦርሳዋ ውስጥ ያሉትን ጠርሙሶች አየቻቸው። ከዚያ እንባዋን አይታ ከንፈሯ ሊሰበሰብ ሲል አሻፈረኝ ጣቷን አነሣችባት። እህቷ ከንፈሯን መልሳ ዘረጋች።

"ይቅርታ" አለች ታላቋ በስንት ዘመኗ። "አሁን ጠርሙሶቹን ልመልስ?"

"ውሰጃቸው! እንዳትመልሽ! አዝነሽልኝ ቢሆን ስመሽኝ ትሄጂ ነበር እንጂ አትሰርቂኝም ነበር።" አሻፈረኝ ከእንባዋ መሃል መሳቅ ጀመረች፣ እየሳቀችም ከጓዳ ሌላ ጠርሙስ አምጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችላት።

ሰኞ ጠዋት ካንቲኑ ገብታ የላስቲኩን ሽርጥ ከሚስማሩ አወረደችና አጣጥፋ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ነጩን ሽርጥ ከቁም ሳጥኑ አውጥታ ታጠቀች። የቀድሞ ረዳቷ ምንም ሳትጠየቅ ጭልፋውን አቀበለቻት። ኃላፊው ሽርጡን ሲያገኝ ተከትሏት መጣ።

"ምን መሆንሽ ነው? ማን ይቀምስልሻል?"

"የሚበላው ሰው። ከእሱ የቀረበ ምላስ ከየት ይመጣል?"

"ከፋብሪካው ሕግ ጋር..."

"ሕጉን ሾርባው ሲበርድ እንነጋገርበታለን።"

ምሳ ሰዓት ሲደርስ መስኮቱን ከፈተች። ሠራተኛው ተሰልፏል፤ በነጭ ሽርጥ ሲያያት ጉርምርምታው ጠፋ። አሻፈረኝ ጭልፋዋን ድስቱ ጠርዝ ላይ ቀጭ አደረገች።

"ስሙኝ! ከዛሬ ጀምሮ እጅሽ ይባረክ የሚለኝ ሰው እዚህ መስኮት ጋ አይድረስ! ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ፣ አረረ፣ ተቃጠለ፣ ያገኛችሁትን ንገሩኝ። ዝም ብሎ ሳህኑን ሞልቶ የሚመልስልኝን ራሱ ላይ እደፋበታለሁ!"

ከሰልፉ ፊት የቆመው ሽማግሌው ቫርኒሽ ቀቢ ነው፣ ያ ሁለቴ የመረቃት። ሳህኑን ተቀበለ። እንደ ልማዱ ሊመርቅ አፉን ከፈተና ዋጠው። ማንኪያውን ነክሮ ቀመሰ። ሾርባውን አየ፣ እሷን አየ፣ ከኋላው የቆመውን ሰው ሁሉ አየ፤ እርዳታ ግን ከየትም አልመጣም።

"ጨው አንሶታል" አለ በቀጭን ድምፅ።

"አልሰማሁህም!"

"ጨው አንሶታል አልኩሽ! ደግሞ ድንቹ አልበሰለም!"

"ስለ ድንቹ ዋሽተሃል፤ ድንቹን በጣቴ አውቀዋለሁ!" አለችው፣ ፊቷ ግን ከዳር እስከ ዳር በርቷል። ጨው ቆነጠረች፣ ድስቱ ውስጥ በተነች፣ አማሰለች፣ ሳህኑን ተቀብላ ከአዲሱ ጨመረችለት። "አሁንስ?"

ሽማግሌው ቀመሰ። ጊዜ ወስዶ አጣጣመ።

"አሁን ልክ ነው።"

"ቀጣይ!" አለች አሻፈረኝ።